እኔ ለውዝ ስል፣ እትዬ ሐዋ ፉል ሲሉ

ከንፈሬ ያበጠው መምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብዬ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ሳለሁ ነው። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለስኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። መጀመሪያ የላይኛውን ከንፈሬን ጉንዳን የነከሰኝ ያህል ጠዘጠዘኝ፤ ቀጥሎ ደነዘዘ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ዓይናለም ቀና ብላ አየችኝና እስክሪብቶዋን ጣለች።

«አንቺ! ፊትሽ ምን ሆኗል?»

ስልኬን አውጥቼ በካሜራው ራሴን ሳይ ያየኋት ሴት እኔን አትመስልም። እጅጌዬን ስሰበስብ ደግሞ ክንዴ ላይ ቀይ እብጠት እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ብሏል። ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ አንዱ ጠፋ ስል ሌላው ይነሳል።

«ምች ነው» አለች ዓይናለም። «በልተሽ ወዲያው ፀሐይ ላይ ወጥተሻል። ዳማከሴ አሽተሽ ተቀቢ።»

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን በምች አትመኑ እያልኩ የማሾፍ ሴት ነኝ። ያን ዕለት ግን ቤቴ ገብቼ ዳማከሴ ጨምቄ ፊቴን ተቀባሁ። ሰው ሲፈራ ዲግሪው የት እንደሚገባ አላውቅም።

በማግስቱ ጠፋ። በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መመላለሱን ሥራዬ ብሎ ያዘው፤ አንዳንዴ ጀርባዬ ላይ፣ አንዳንዴ የዓይኔ ቆብ ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለሁ መዳፌ አብጦ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። የመጀመሪያው ክሊኒክ መርፌ ወጋኝና ቀኑን ሙሉ አስተኛኝ። ሁለተኛው ደሜን አየና ታይፎይድ አለብሽ አለኝ። ትኩሳት የለኝም ብል «ተደብቆ ነው» ተባልኩና ዐሥር ቀን ኪኒን ዋጥኩ። ደሙን ሰጥቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው ግን እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በየሄድኩበት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ምን በልተሽ ነበር?» እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ደብተር ገዝቼ የበላሁትን ሁሉ መመዝገብ ጀመርኩ። ዛሬ እንቁላል፣ ሽፍታ አለ። ነገ እንቁላል፣ ሽፍታ የለም። ከነገ ወዲያ ጾም፣ ሽፍታ አለ። እስከ ሰኔ ድረስ ስመዘግብ ከረምኩ፤ ምንም መልክ አልነበረውም። ተማሪ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ቢያመጣልኝ «ታዲያ ከምግቡ ጋር ምን አገናኘው?» ብዬ እጠይቀው ነበር። ራሴን ግን አልጠየቅኩም።

ክረምት ላይ ሕፃኗን ቤዛን ይዤ አዲስ አበባ ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ወንድሜ ከልብ አስቦልኝ ነው፤ «በአንድ ጠብታ ደም የሚያሳክክሽን ምግብ ሁሉ የሚለይ ምርመራ አለ» ብሎ ወደ አንድ የግል ላቦራቶሪ ወሰደኝ። ሐኪም አላየኝም። አንድ ልጅ ደሜን ቀዳ፣ ከቀናት በኋላ ውጤቱ በስልኬ መጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ዝርዝር ነው፤ ከእያንዳንዱ ምግብ ፊት ለፊት ቁጥር፣ ከቁጥሩ አጠገብ ቀለም። እንቁላል ቀይ። ወተት ቀይ። ስንዴ ቀይ። ሰሊጥ ቀይ። አኩሪ አተር ቀይ። ለውዝ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ቀይ።

ውጤቱን በወረቀት አሳትሜ ምን ማለት እንደሆነ ልጠይቅ ተመልሼ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ቀይ የሆነውን አትንኪ» አለኝ። ከዚያ ጣቱን ለውዝ ላይ አሳረፈ። «በዚህኛው ግን እንዳትቀልጂ። ጉሮሮ ይዘጋል፤ ሰው ይሞትበታል።»

ይህን ብሎ ቀጣዩን ተራ ጠራ። እኔ ቤዛን እንዳዘልኩ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም፤ ይህች ልጅ ያለ እናት ትቀራለች ብዬ ነው ያሰብኩት። ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ የእኔ ደም እሷም ውስጥ አለ።

እንግዲህ ለውዝ እንዳትነኪ የተባለች ሴት ተመልሳ የምትኖረው የት ነው? አሶሳ! ለውዝ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር በጆንያ የሚገባበት፣ በመስከረምና በጥቅምት መንገዱ ሁሉ የለውዝ ልጣጭ የሚሆንበት ከተማ። ተማሪዎች በወረቀት ጠቅልለው ክፍል ይዘው ይገባሉ። እኔ ከማስተማሬ በፊት ዴስክ በዴስክ እየዞርኩ ልጣጭ እፈልጋለሁ። ባጃጅ ስሳፈር መቀመጫውን በሶፍት እጠርጋለሁ። ሰው ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ ራሴን እየነቀነቅኩ ወደ ኋላ እላለሁ፤ ኮራች ተባልኩ።

ዝርዝሩ ላይ ጤፍ አልነበረም። ወረቀቱን የሠሩት ሰዎች ጤፍን አያውቁትም መሰለኝ። የባሕር ሸርጣን ግን ነበር፤ አረንጓዴ። አሶሳ ቁጭ ብዬ ሸርጣን በሰላም መብላት እንደምችል በላቦራቶሪ ተረጋግጦልኛል ብዬ ለባለቤቴ ለደሳለኝ ስነግረው አልሳቀም። እኔም ሳቄ ከጉሮሮዬ አላለፈም። ያልተመረመረ ምግብ አልበላም ብዬ ጤፉንም ተውኩት። ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ማሽላ። ልብሴ ሰፋኝ። ሲነካ ይሞላ የነበረው ጡቴም ወተቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ሽፍታው ግን ያለ እንቁላልም ያለ ወተትም እንደ ልማዱ ይመጣል፤ እኔም በመጣ ቁጥር የሆነ ቦታ ብናኝ ነካሁ ብዬ ቤቱን እንደገና አጥባለሁ።

ቤዛ ምግብ መጀመሪያዋ ነበር። ጤና ጣቢያ እንቁላል፣ ወተት፣ የተፈጨ ለውዝ ገንፎዋ ውስጥ ጨምሪላት ተብያለሁ። አልጨመርኩም። የሩዝ ውኃና የተፈጨ ድንች አበላኋት። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፣ አንድም ቀን አላበጠችም። እኔ ግን በእሷ ላይ የሚሆነውን አስቀድሜ አይቼዋለሁ። ትንሿ ከንፈሯ ስታብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ እኔ ባጃጅ ስፈልግ። ይህን ሥዕል በቀን ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም።

የምንኖርበት ቤት ባለቤት እትዬ ሐዋ ናቸው፤ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው የሄዱ፣ ደግ ሴት። አማርኛቸው የገበያ ነው፤ እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንተ» ነው የሚሉኝ፣ እኔም አላረምኳቸውም። መክሳቴን አይተው አላስችል አላቸው። ከአዲስ አበባ በተመለስኩ ሰሞን ከማሽላ ገንፎ ጋር ወጥ በሳህን ይዘው መጡ። ባሚያ ያለበት፣ ወፈር ያለ፣ ቡናማ፣ በርበሬው ደህና የሚል ወጥ ነው።

«መምህር፣ ብላ። አጥንት ብቻ ቀርተሃል።»

«እትዬ ሐዋ፣ እኔ በሽታ አለብኝ፤ ለውዝ ከበላሁ እሞታለሁ። ይሄ ውስጥ ለውዝ አለበት?»

ደነገጡ። «ለውዝ? የለም፣ ወላሂ የለም! እኔ ለውዝ ከየት አመጣለሁ? ለውዝ ውድ ነው።»

«ታዲያ ያወፈረው ምንድን ነው?»

«ፉል ነው። ፉል ተፈጭቶ።»

ፉል አውቃለሁ። ሻይ ቤቱ ሁሉ ጧት ጧት የሚሸጠው ባቄላ ነው። ዝርዝሩ ላይ ባቄላን ፈለግኩት፤ አረንጓዴ ነው። እንቁላሉስ፣ ወተቱስ፣ ሰሊጡስ ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም የለበትም። በላሁት። እግዜር ይስጣቸውና ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ያመጡልኝ ጀመር። በሰው እጅ የተሠራ የምበላው እሱን ብቻ ነበር። የሽሮ ወንድም የሆነ ጣዕም አለው። በእነዚያ ወራት ውስጥ ጠግቤ የተነሳሁባቸው ቀናት የእትዬ ሐዋ ሳህን የመጣባቸው ቀናት ናቸው።

ኅዳር ሲገባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር እኛ ዘንድ መጣች። ባለ ቀለም የመለኪያ ጥብጣቧን አውጥታ የቤዛን ክንድ ለካች። አንዴ ለካች፣ ደግማ ለካች።

«ቢጫ ላይ ነች፤ ምግብ እያነሳት ነው» አለችኝ። «ምንድን ነው የምታበያት?»

ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ፤ ግን በሽታ አለብን ብዬ ወረቀቱን ሳሳያት ምን ትበል? «እንግዲህ ሐኪም ካለሽ…» ብላ ሄደች። ደሳለኝ ያን ዕለት ከመስክ ተመልሶ ነበር፤ እሱ ግብርና ላይ ስለሚሠራ ከወር ግማሹን መስክ ነው። የልጅቷን ክንድ በሁለት ጣቱ ያዘ። ከዚያ «የእሷንም ደም አዲስ አበባ ወስደን እናስመርምር፤ ቢያንስ ምን እንደምንከለክላት እንወቅ» አለ። እኔ ደግሞ ውጤቱን ፈራሁት። «ለሷም ቀይ ወረቀት ይዘህልኝ ልትመጣ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። «ታዲያ በረሃብ ትሙት?» አለኝ። ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ እሱም እኔም ደነገጥን። በዚያ ሳምንት ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጋው ከማለት በቀር አልተነጋገርንም። እሱ ግን የአውሮፕላን ትኬት ማጠያየቅ ጀምሮ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ቤዛን አዝዬ ከገበያ ስመለስ እትዬ ሐዋ ግቢው መሐል ቁጭ ብለው ሙቀጫ ይወቅጣሉ። ፊታቸው ምንጣፍ ላይ የተቆላ ለውዝ ክምር አለ። ልጣጩ በነፋስ ተነስቶ ግቢውን ሞልቶታል። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ በነጠላዬ አፍና አፍንጫዋን ሸፈንኩ።

«እትዬ ሐዋ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ፉል ነው» አሉ።

«ይሄማ ለውዝ ነው!»

ሳቁ። የምቀልድ መስሏቸው ነው። «ይሄ ለውዝ አይደለም፣ መምህር። ለውዝ ሌላ ነው። ረጅም፣ ነጭ፤ ሐጅ የሄደ ሰው ያመጣል። ይሄ ፉል ነው፣ ፉል ሱዳኒ። እናንተ ኦቾሎኒ ትላለህ።»

በዐረብኛ ለውዝ የሚባለው ሌላ ፍሬ እንደሆነ፣ የእኔ ለውዝ ደግሞ በእሳቸው አፍ ፉል እንደሚባል እዚያ ቆሜ ገባኝ።

«ወጡ ውስጥ… የሚያመጡልኝ ወጥ ውስጥ ያለው…»

«አዎ፣ ይሄ። ትናንት በላህ። ባለፈው ጁምዓ በላህ። ምን ሆንክ አንተ?»

ጉሮሮዬ ተዘጋ። በእውነት ተዘጋ፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። «ደሳለኝ!» ብዬ ስጣራ ድምፄ አልወጣም። እሱ የጩኸቴን ግማሽ ሰምቶ ከቤት ወጣና አይቶኝ ወደ መንገድ ሮጠ፣ ባጃጅ ይዞ መጣ። እትዬ ሐዋ ሙቀጫቸውን ጥለው፣ ጫማ እንኳ ሳያደርጉ፣ ቤዛን አቅፈው አጠገቤ ተሳፈሩ። «ያ ረብ፣ እኔ ገደልኩ፣ እኔ ገደልኩ» ይላሉ። እኔ መናገር ስላልቻልኩ እጃቸውን ያዝኩ። ደሳለኝ ዞሮ ያያቸው አስተያየት እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተኛሁ። ነርሷ ግፊቴን ለካች፣ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰካች፣ አፌን ከፍታ በባትሪ አየች። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ዶክተር መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰባት ወር ሙሉ በየክሊኒኩ ስዞር አጠገቤ የተቀመጠ ሐኪም እሱ የመጀመሪያው ነበር። ደሳለኝ ስልኩ ላይ ያለውን ውጤት ሊያሳየው ሲል «ቆይ፣ በኋላ አየዋለሁ» አለው።

«መቼ ነው የበላሽው?»

«ትናንት… ምሳ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

እትዬ ሐዋ ቀድመውኝ ከጥግ መለሱ። «ከመስከረም በፊት ጀምሮ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን።»

«አንድ ወጥ ላይ ስንት ለውዝ ይገባል፣ እናቴ?»

«ፉል» አሉ እትዬ ሐዋ።

«ይቅርታ፤ ስንት ፉል?»

«ሁለት እፍኝ።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «በበላሽ በሰዓታት ውስጥ የሆንሽው ነገር አለ?»

አሰብኩ። ከሳህኑ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ቀን አሰብኩ። «ጠግቤ ተኛሁ» አልኩት።

«መምህርት፣ ለውዝ የሚገድላት ሴት ብትሆኚ ኖሮ የመጀመሪያው ሳህን ላይ እንገናኝ ነበር። አሁን ጉሮሮሽን የያዘው ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ እጅ ያደነዝዛል። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።»

ተነፈስኩ። ጉሮሮዬ ተከፈተ። ከዚያ የመጣው ለቅሶ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ወደ እኔ አዞረው።

ዶክተሩ ውጤቱን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። የነገረኝን በራሴ ቋንቋ ልጻፈው፤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳሁትም ለዚህ ነውና። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነታችን ለምግቡ የሠራውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው። ያ ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ተገኘ ማለት ደሙ ምግቡን አውቆታል ማለት ነው፤ በበላን ቁጥር ያመናል ማለት አይደለም። እንዲያውም አንጀቱ ውስጥ ትል ያለበት ሰው ይህ ንጥረ ነገር በደሙ ስለሚበዛ ዝርዝሩ እንዲሁ ሊቀላ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ መጀመሪያ «በልተሽ ምን ሆንሽ?» ብሎ የሚጠይቀው፣ ምርመራውንም የሚያዘው ለጠረጠረው ምግብ ብቻ እንጂ ገበያውን ሁሉ በአንድ ጠብታ ለማሰስ አይደለም። እኔ ይህን ለሠላሳ ተማሪ በሥዕል የማስተምር ሰው ነኝ፤ የራሴ ስም ያለበት ወረቀት ሲመጣ ግን ሁሉም ከጭንቅላቴ ተነነ። ሰገራዬ ሲመረመር ትሉ ተገኘ።

«ሽፍታውስ?» አልኩት።

«ከምግብ የመጣ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሽፍታ ብዙ ሰው ላይ ራሱ መጥቶ፣ ወራት ቆይቶ፣ ራሱ ይሄዳል። ትሉ አባብሶትም ይሆናል። እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ ግን አልችልም።»

አልችልም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ያመንኩትም ለዚያ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ ለውዙን የበላሁት ባለማወቅ ነው። በልቶ ያበጠ፣ ያስመለሰው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው የእኔን ታሪክ አንብቦ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዳይሞክር። ዶክተሩም የቀሩትን ምግቦች ቤቴ እንድሞክር አልፈቀደልኝም። «ለወራት ስለተውሻቸው እዚሁ ፊቴ ትበያለሽ» አለኝ፤ ለሰኞ ቀጠረኝ።

ሰኞ ሦስት የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ደሳለኝም እትዬ ሐዋም አብረውኝ መጡ፤ ደሳለኝ እሑድ ዕለት እግራቸው ሥር ወድቆ ይቅርታ ጠይቋቸዋል። ነርሷ ጉሮሮ ቢያብጥ የሚወጋውን መርፌ ሞልታ ሳህን ላይ አስቀመጠችው፤ «ላይፈለግ ይችላል» አለችኝ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከእሱ ማንሳት አልቻልኩም። የጥፍር ያህል ቁራጭ ሰጡኝ። አፌ ደርቆ አልወርድ አለኝ። ኑዛዜ የምናገር መስሎኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ምንም የለም። ትንሽ ከፍ አደረጉት፤ ጠበቅን። እንዲህ እያልን እንቁላሉ አለቀ። እትዬ ሐዋ ጥግ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሁለት ሰዓት ሞላ፤ እጄ ላይ አንድ ቀይ ነገር አልወጣም።

ዶክተሩ ደሳለኝ ጭን ላይ የተቀመጠችውን ቤዛን አየ። «እሷስ? ምን ሆና ነው የከለከልሻት?»

«ምንም አልሆነችም።»

«እና?»

«ደሟን እናስመርምር?» አለ ደሳለኝ።

«አታስመርምሩ። አብሏት። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሁለተኛውን እንቁላል ላጥኩ። ስቸኩል ግማሹ ከልጣጩ ጋር ወጣ። ከአስኳሉ ትንሽ ቆርሼ ወደ አፏ ሳስጠጋ እጄ መንገድ ላይ ቆመ። የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም፤ ለራሴ ስበላ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማለት አቃተኝ። ቤዛ እጄን አየች። ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ ጎተተችው።

ሁላችንም ከንፈሯን እያየን ተቀመጥን። ዶክተሩ ትንሽ ቆይቶ ጨምሪላት አለኝ፤ ጨመርኩላት። እንደገና ጨምሪ አለኝ። እንቁላሉ ሲያልቅ ጣቶቼን አንድ በአንድ ላሰቻቸው፣ መዳፌን ገልብጣ ፈለገች፣ ባዶ መሆኑን ስታይ አለቀሰች። እኔም ደንግጬ፣ ብርድ ልብሷን ገልጬ ሆዷን፣ አንገቷን፣ ጀርባዋን አገላብጬ ሽፍታ ፈለግኩ።

«ምን ሆነች? ምን እየሆነች ነው?» አልኩ።

እትዬ ሐዋ ተነስተው ሦስተኛውን እንቁላል ከፌስታሉ አወጡ።

«ምንም አልሆነ» አሉኝ። «ርቦት ነው።»